ሙሉ ሰመመን ሳልወስድ ያደረግሁት የጡት ቀዶ ሕክምና

ጡቴን በሲሊኮን ያስተለቅሁት በሙሉ ሰመመን ሳይሆን፣ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌና በሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። በጣም ረክቻለሁ፤ በተለይ በሰመመን ባለሙያዋ። ቀዶ ሐኪሙ እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ አተነፋፈስን የሚከታተል ሌላ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ እሷም ከራስጌዬ ንቅንቅ አላለችም። ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ አፍንጫዬ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ በደም ሥሬ ሚዳዞላም የተባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት። ሰውነቴ ወዲያው ላላ አለ፤ ስጠራ ግን እመልሳለሁ።

ቦታውን የሚያደነዝዘው የሊዶካይን መርፌ መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፣ አልደብቅም። ከዚያ በኋላ ሕመም የለም፤ መጎተቱና መጫኑ ግን ይሰማል። ሐኪሙ ለሲሊኮኑ ቦታ ሲከፍት "አሁን ጫን አደርጋለሁ፣ አይዞሽ" ይለኝ ነበር። ከሊዶካይኑ ጋር አድሬናሊን የሚቀላቀልበት ምክንያት የደም ሥሮችን አጥብቦ መድማትን ስለሚቀንስ ነው። የሊዶካይን መጠን በክብደት ይሰላል፤ ከበዛ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ሲብስም ልብን ይጎዳል። ባለሙያዋ "አፍሽን ብረት ብረት ካለሽ ወዲያው ንገሪኝ" ብላ አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። ቀጠሮ የያዘችልኝ ልጅ በስልክ "ሙሉ ሰመመን ስላልሆነ ቁርስ ብትበዪ ችግር የለውም" ብላኝ ነበር። ይህ አደገኛ ምክር ነው! ማረጋጊያው ከጠለቀ ትውከት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ደግነቱ ባለሙያዋ በዋዜማው ደውላ አስተካከለችው።

የእኔ ከጡንቻ በላይ ነው የተቀመጠው። ከጡንቻ ሥር ለሚገባላት ወይም በጣም ለምትፈራ ሴት ሙሉ ሰመመን ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ ሳያቅለሸልሸኝ የዚያኑ ቀን ቤቴ ገባሁ፤ እህቴ ነድታ ወሰደችኝ፣ ለ24 ሰዓት መሪ መያዝ ክልክል ነውና።