ሕመሜን አምነው ላከሙኝ የሰመመን ሐኪም ምስጋና

የግራ ጡቴ በካንሰር ምክንያት ከብብት ዕጢዎቹ ጋር በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ ቁስሉ በጥሩ ሁኔታ ቢሽርም፣ ከብብቴ እስከ ክንዴ ውስጠኛ ክፍል የሚዘልቅ የማቃጠልና የመንዘር ስሜት ግን አልለቀቀኝም ነበር። ነጠላ እንኳ ሲነካኝ ስለሚያመኝ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በቀኝ ትከሻዬ ላይ ብቻ አጣጥፌው ነበር።

በየሕክምና ቦታው የተሰጠኝን መልስ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዱ «ከካንሰር ተርፈሽ ስለዚህ ታማርሪያለሽ?» አለኝ፤ ሌላው ቦታውን ገልጦ እንኳ ሳያይ ጭንቀት ነው ብሎ ሸኘኝ። የሚታዘዝልኝ ያው የተለመደው ማስታገሻ ሲሆን፣ ጨጓራዬን ከመላጥ በቀር የፈየደልኝ ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ በሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ አዲስ አበባ ከሚሠሩ አንዲት የሰመመን ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። በሽታው አለመመለሱን ከምርመራ ወረቀቶቼ ካረጋገጡ በኋላ፣ ዕጢዎቹ ሲወጡ በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚያልፍ ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችልና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ3 ወር በላይ የሚዘልቅ እንዲህ ያለ ሕመም በብዙ ሴቶች ላይ እንደሚታይ አስረዱኝ። ከዚያም በጥጥ በቀስታ እየነኩ የሚያመኝንና የደነዘዘውን ቦታ ቆዳዬ ላይ በእስክሪብቶ ከበቡት፤ ሲጨርሱም መስታወት ይዘውልኝ «ይኸው፣ ሕመምሽ እስከዚህ ድረስ ነው፤ አንቺ የፈጠርሽው አይደለም» ሲሉኝ ዕንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

በአልትራሳውንድ እያዩ የሰጡኝ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ዕውቀቱ የለኝም። ሕመሙ ጨርሶ ጠፍቷል ብዬም አልዋሽም፤ እሳቸውም መርፌው ብቻውን በቂ ላይሆን እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኝ የነርቭ ሕመም መድኃኒትና የክንድ እንቅስቃሴ ጨምረውልኛል። ይሁንና ዛሬ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፣ ነጠላዬንም እንደ ሰው እለብሳለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ቀዶ ሕክምናው ገና የሚጠብቃችሁ እህቶቼ፣ ነርቭ የሚያደነዝዘው መርፌ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ሲሰጥ ኋላ የሚቆይ ሕመም የመከሰት ዕድሉን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷልና፣ ለሁሉም ዋስትና ባይሆንም፣ የሰመመን ባለሙያችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። ሕመሙ የቆየባችሁ ደግሞ እባካችሁ እኚህን ሐኪም ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀችኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ስትሄዱ የቀዶ ሕክምና ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ፤ እሱን ሳያዩ መርፌ አያነሱም።