«ቆይ፣ አሁን አትግዛ» ላሉኝ ካሜራ ጠጋኝ

አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ካሜራ ጠጋኝ ናቸው፤ ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶችም ይሸጣሉ። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት አስተማሪዬ ናቸው። ፎቶ ማንሳት መማር ለሚፈልግ፣ ኪሱ ግን ለማይፈቅድለት ሰው ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ስማቸው በየቦታው እንዲዞር አይወዱም፤ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ሊያገኛቸው የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ወደ እሳቸው የሄድኩት ካሜራ ልገዛ ነበር። ገንዘቡን ይዣለሁ። የሚሸጥ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሞልቷል። እሳቸው ግን «እስቲ ስልክህ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኝ» አሉኝ። ረጋ ብለው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ «ቆይ፣ አሁን አትግዛ። ይሄ ስልክ ገና ብዙ ያስተምርሃል» አሉ። ዕቃ ሊሸጥ ተቀምጦ ገዢን «ቆይ» የሚል ሰው በቀላሉ አይገኝም። ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

የሰጡኝ የቤት ሥራ ቀላል የሚመስል ነው። የስልክህን ሌንስ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። የጣት ቅባት ያረፈበት ሌንስ ብርሃን ስለሚበትን ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። በሁለት ጣት እየከፈትክ አታቅርብ፤ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው። በእግርህ ተጠጋ። ስክሪኑን ነክተህ ጣትህን ያዝ ስታደርገው በብዙ ስልኮች ላይ ፎከሱና የብርሃን መጠኑ ይቆለፋል። ከዚያ ጣትህን ወደ ታች ሳብ አድርገህ ትንሽ አጨልመው። ነጭ ልብስ ወይም ብሩህ ሰማይ ያለበት ፎቶ ላይ ይህቺ ብቻዋን ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ በኤዲት አይመለስም፤ ጨለም ያለው ግን በመጠኑ ይመለሳል።

ቀጥሎ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጥና ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ወደ ማምሻው አንሳው አሉኝ። ዛፍም ይሁን በር ለውጥ የለውም። እኩለ ቀን ላይ ጥላው አጭርና ጠንካራ ነው። ሰው ብታነሳ ዓይኑ ሥር ይጠቁራል። ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ቀለሙም ይሞቃል። ይህንን ሁሉም ሰው በቃል ያውቀዋል። ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ግን ሌላ ነው።

የእንቁላሉን ትምህርት ግን እስከ ዛሬ እደግመዋለሁ። አንድ ነጭ እንቁላል፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ መስኮት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። መብራቱን አጥፉ። እንቁላሉን ወረቀቱ ላይ፣ ከመስኮቱ ጎን አስቀምጡትና ተመልከቱት። በአንድ በኩል ያበራል፣ በሌላው በኩል ይጠቁራል፤ በመሃል ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ጥላ የሚለወጥበት ቦታ አለ። እንቁላሉ ክብ መሆኑን የሚነግረን ያ መሃል ነው። አሁን በጥላው በኩል ነጭ ካርቶን አስጠጉ። ጥላው ይላላል። ካርቶኑን አንሡና ጥቁር ጨርቅ አድርጉበት፤ ጥላው ይጠልቃል፣ ቅርጹም ጎልቶ ይወጣል። መስኮቱን በስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱት፤ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። ሰዎች በውድ የሚገዙት የስቱዲዮ ዕቃ በአብዛኛው የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እንቁላሉን ከመስኮቱ ስታርቁትም ብርሃኑ ይደክማል። ከትንሽ አምፖል በእጥፍ ብትርቁ የሚደርሳችሁ ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ትልቅ መስኮት አጠገብ እንዲህ በፍጥነት አይወድቅም፣ እየራቃችሁ ስትሄዱ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ለዚህ ነው ሰው መስኮት አጠገብ ሲቆም ከኋላው ያለው ክፍል የሚጨልመው። ዳራው የተዝረከረከ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ይህን ተጠቀሙበት፤ ሰውየውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ የተዝረከረከው ራሱ በጨለማው ይዋጣል። እንቁላሉ በደንብ ሲገባችሁ የሰው ፊት ይቀላችኋል፤ ጉንጭና ግንባርም ክብ ነገር ናቸውና።

ከዚህ በኋላ ነው ካሜራ እጄ ላይ ያስቀመጡት። እሱንም በውሰት። ያረጀ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ነው፤ ማንዋል ላይ፣ ማለትም ሁሉን በእጄ እንዳስተካክል አድርገው ሰጡኝ። የአፐርቸርን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ቁጥሮች ያስረዱኝ ሌንሱን ነቅለው፣ ቅጠሎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ እያሳዩኝ ነው። 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16። ወደ ቀጣዩ ቁጥር በሄድን ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ሻተርም (ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው መዝጊያ) እንዲሁ ነው፤ ከ1/125 ሰከንድ ወደ 1/250 ስትሄዱ ብርሃኑ ይገመሳል። አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚያሳየውን ቁጥር) ከ100 ወደ 200 ስታሳድጉት ምስሉ በእጥፍ ይደምቃል። ስለዚህ በአንዱ የቀነሳችሁትን በሌላው ትመልሳላችሁ። አፐርቸሩን ብትከፍቱ ዳራው ይደበዝዛል። ሻተሩን ብታፈጥኑ የሚሮጠው ሰው ይቆማል። አይኤስኦውን ከልክ በላይ ከፍ ብታደርጉ ፎቶው ላይ ፍርፋሪ ይታያል። ብዙ ጀማሪ የሚፈራው «ማንዋል» ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አንድ የድሮ ዘዴም አስተማሩኝ። ጥርት ያለ ፀሐይ ሲሆን አፐርቸሩን 16 ላይ አድርግ፤ አይኤስኦው 100 ከሆነ ሻተሩን 1/100 ወይም 1/125 አድርገው። አይኤስኦው 200 ከሆነ ደግሞ 1/200 አካባቢ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ባይሠራም ፎቶው ይወጣል። የድሮ ካሜራ ይዞ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባ ካሜራ) ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከበፊቱ ረክሷል። ለጀማሪ ይህ መልካም ዜና ነው። ካኖን የኢኤፍ ሌንሶችን የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። የኒኮን ኤፍ የሌንስ መግጠሚያ ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ ሞልቷል። ግን ወጥመድ አለው። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰብ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። የራሱ ሞተር የሌለው የቆየ ኤኤፍ (አውቶፎከስ) ሌንስ ብትገጥሙባቸው ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ግድ ነው። ካኖን ላይ ደግሞ ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉት ሌንሶች ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ፣ ማለትም ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ትልቅ በሆነው ላይ አይገጥሙም። እነዚህን ነገሮች ማንም ሻጭ ሳይጠየቅ አይነግራችሁም። እሳቸው ግን ሳልጠይቅ ነገሩኝ።

ሌላ ቦታ ያየሁትን ካሜራ ሳይቀር ይዤላቸው ስሄድ አንድም ጊዜ አላኮረፉም። እንዴት እንደሚፈትሹ ልንገራችሁ። ሌንሱን ከካሜራው ይነቅሉታል። አፐርቸሩን ከፍተው ከኋላ በኩል የስልክ መብራት ያበሩበትና ከፊት ሆነው አዘንብለው ያዩታል። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አይገዛም። እንደ ትንፋሽ ያለ ጉም ካለም አይገዛም፤ በተለይ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣትና ፊት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ግን ብዙ አያሳስባቸውም። እንዲያውም ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ናት ይላሉ። ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ካለ አፐርቸሩ ሊዘገይ ይችላል፤ እሱንም ያያሉ።

ወደ ካሜራው ሲመጡ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ያነሳሉ። ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ቆሻሻ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም፤ ስለዚህ ነጠብጣቡ የቱ እንደሆነ ለይተው ይነግሯችኋል። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ገጥመው ሻተሩን ለጥቂት ሰከንድ ከፍተው ያነሳሉ። በጨለማው ውስጥ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። የባትሪውን ቤት ከፍተው ዝገት አለ ወይ ይላሉ፣ ባትሪው አብጦ እንደሆነ በጣታቸው ይዳስሱታል። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳም ይመለከታሉ። ለጀማሪዎች የሚሠሩ ብዙ ካሜራዎች ሻተራቸው 100,000 ጊዜ አካባቢ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። ቁጥሩን አልፎ የሚሠራም አለ፣ ሳይደርስ የሚሞትም አለ። ግን ወደዚያ የተጠጋ ካሜራ በርካሽ ካልሆነ አትግዙ ነው ምክራቸው። ለዚህ ሁሉ ፍተሻ የሚጠይቁት ትንሽ ነው። ካሜራው ካልተመቻቸውም ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ።

ገንዘብህን ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ ላይ አውጣ የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። እሳቸው የሚጨምሩት አለ። 50 ሚሊሜትር አፐርቸሩ 1.8 የሆነ ሌንስ ርካሽና ግሩም ነው። ነገር ግን የጀማሪ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም ያነሰ ስለሆነ፣ 50ው እነሱ ላይ እንደ 75 ወይም 80 ሚሊሜትር ሆኖ ያጠብባል። ለሰው ፊት ደስ ይላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ያስኬዳችኋል። ቤት ውስጥ ለሚያነሳ ሰው 35 ሚሊሜትር ይሻላል። ከካሜራው ጋር የሚመጣውንም ሌንስ አትናቁት። የማጣሪያ ስብስብ፣ የሚያብረቀርቅ ቦርሳ፣ የሚወዛወዝ ርካሽ ትራይፖድ ይቆዩ። ትርፍ ባትሪና ሁለት ሜሞሪ ካርድ ይበልጣሉ።

ለኤዲትም ገንዘብ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ ዳርክቴብል፣ ሮቴራፒና ጊምፕ በነጻ ይገኛሉ፤ ስልክ ላይ ደግሞ ስናፕሲድ አለ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ባይሆንም፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ማርክ ሌቮይ የዲጂታል ፎቶግራፍ ትምህርቱን በ2016 እ.ኤ.አ. በነጻ ለሁሉም ለቆታል። ስለ ሌንስና ስለ ሴንሰር በጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር። የጠቆሙኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ዕቃዬ አሮጌ መሆኑን አንስቼ ሳወራ ስለ ጎርደን ፓርክስ ነገሩኝ። ፓርክስ በ1912 እ.ኤ.አ. የተወለደ አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ከዕቃ ማስያዣ ቤት፣ ያገለገለ ነው። ፎቶ ማንሳት በራሱ ተማረ። ኋላ ላይፍ መጽሔት በቋሚነት የቀጠረው የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶግራፈር ሆነ። ታሪኩን ነግረውኝ ሲያበቁ ወደ ጥገናቸው ተመለሱ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም። በጣም ነው የረዳኝ።

የሚያስተምሩበት መንገድ ላይ ብዙ የሚሰጠኝ ደግሞ ፎቶ አብረን የምናይበት ሰዓት ነው። ካነሳሁት ሁሉ ጥቂቱን ብቻ መርጬ እንድሄድ ያደርጋሉ። አንዷን ይዘው «ይቺን ስታነሳ ምን አይተህ ነው?» ይሉኛል። መልስ ከሌለኝ ያልፏታል። መልስ ካለኝ «ታዲያ ያየኸው ነገር የት አለ?» ይሉና ዳር ዳሩን በጣታቸው ይሸፍናሉ። ፎቶው ሲቆረጥ ያየሁት ነገር ብቻውን ይቀራል። አሁን ፎቶ ከማንሳቴ በፊት አራቱን ጠርዞች በዓይኔ እዞራለሁ። ይህን ልማድ ያገኘሁት ከእሳቸው ጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥቆማዬ ለማን እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። ቶሎ ሠልጥኖ ለሠርግ ሥራ መውጣት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ፤ እሳቸው አይቸኩሉም። የምስክር ወረቀትም አይሰጡም። ስለ አዳዲስ ሞዴሎች ማውራትም ብዙ አይስባቸውም። ከባዶ ለሚጀምር፣ ገንዘቡን ሳያባክን ማየት መማር ለሚፈልግ ሰው ግን ከልቤ እመክራቸዋለሁ። ካሜራ የተበላሸበትም ይሂድ። መጠገን ከማያዋጣ አያዋጣም ይሉታል እንጂ ተስፋ ሰጥተው አያመላልሱትም።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፣ ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ያዋሱኝ ካሜራ ላይ የተማርኩትን አሁን ለታናሽ እህቴ እያስተማርኩ ነው፤ እንቁላሉንም ጀምራዋለች።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ፣ ሥራ ላይ እያሉ ስልክ ስለማያነሱ መልእክት ተዉላቸው። ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ካሉት ፎቶዎች የምትወዷቸውን አሥር መርጣችሁ ያዙ። የምትገዙት ካሜራ ካለ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይዛችሁላቸው ሂዱ። ሻጩ ለፍተሻ አልሰጥም ካለ ያንን ካሜራ ተዉት።