ማንቸስተር ወይስ ስድስት ኪሎ?

ድህነትንና ልማትን በማስተርስ ልትማር ነው? እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ 1 ዓመት ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ትንፋሽ አይሰጥም፤ መስከረም ገብተህ ብርዱን ሳትለምድ የጽሑፍ ማስረከቢያው ይደርሳል። ክፍያው በእኛ ኪስ አይቀመስም፣ ስለዚህ ወሬው ሁሉ ቼቭኒንግ (የእንግሊዝ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል) ነው፤ እሱም የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርስ ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት አገርህ ተመለስ ይላል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (ስድስት ኪሎ) 2 ዓመት ይፈጃል። ግን ለመመረቂያ ጽሑፍህ ጠዋት ታክሲ ይዘህ መርካቶ ትወርዳለህ፣ ሽንኩርት ከምትቸረችር እናት አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብለህ ዕቁቡን ከየት አምጥታ እንደምትጥል በአማርኛ ትጠይቃለህ (ሻይ መጋበዝ እንዳትረሳ)። ማንቸስተር ሆነህ እሷን የምታገኛት በሌላ ሰው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። የስድስት ኪሎ ላይብረሪ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማንቸስተሩ ጋር አይወዳደርም። እኔን ካልከኝ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ።