የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለፈሪ እንግዳ፦ ከላምበረት እስከ ጦር ኃይሎች

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁና እዚያው በማስተማር ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ አዲስ አበባን ብቻዬን ረግጬ አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ ብዙዎች ናቸው፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ማለዳ የተነሣ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የምሄደው ወይ ከባለቤቴ ወይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለነበር፣ ከተማዋን የማውቃት የእነርሱን ጀርባ እየተከተልሁ ብቻ ነው፤ የት እንደወረድን፣ ከየት እንደተሳፈርን ጠይቄም አላውቅ። በጥቅምት ግን የትምህርት ማስረጃዬን ለማረጋገጥ ሦስት ቀን መመላለስ ግድ ሆነብኝ፤ ሁለቱም ከሥራቸው መነሣት ስላልቻሉ ለብቻዬ ተነሣሁ። ማደሪያዬ ጦር ኃይሎች አካባቢ የምትኖረው አክስቴ ቤት ነበረና፣ ላምበረት ከወረድሁ በኋላ ከተማዋን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ መሰንጠቅ ነበረብኝ።

በእነዚያ ቀናት የከተማ ታክሲ፣ በስልክ የሚጠራ መኪናና ቀላል ባቡር ተጠቅሜያለሁ። መገምገም የምፈልገው ባቡሩን ነው፤ ሌሎቹን የማነሣው እርሱን ለመመዘን ስለሚያግዙኝ ነው። መመዘኛዬም ፍጥነት ወይም ምቾት አይደለም። እንደ እኔ ያለ መንገደኛ መሳሳቱ ስለማይቀር፣ የተሳሳተው ሰው ስሕተቱን ለማረም ምን ያህል ይከፍላል የሚለውን ነው የጠየቅሁት።

ከእኛ አገር የሚመጣ ሰው ጫጫን፣ ሸኖንና አለልቱን አልፎ ሰንዳፋ ሲደርስ መኪናው ውስጥ ያለው ጨዋታ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ «ልገባ ነው» ማለት ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ የመንዝ እናት «ልጄ፣ ላምበረት ስንደርስ ንገሪኝ እንግዲህ፤ እኔ አላውቀውም» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኋቸው እንጂ እኔም ከፊቴ የተቀመጠውን ወጣት ይህንኑ ልጠይቀው እንደነበር አልነገርኋቸውም። ላምበረት የደብረ ብርሃንና የደሴ መስመር መኪኖች የሚገቡበት መናኸሪያ ስለሆነ፣ መጨረሻው እዚያው ነው፤ ሁሉም ሲወርድ መውረድ ብቻ በቂ መሆኑን ያወቅሁት ሁለታችንም በከንቱ ከተጨነቅን በኋላ ነው። በሩ ላይ ሻንጣ ለመቀበል የሚሻሙትን ወጣቶች «አመሰግናለሁ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ሰው ባይጠብቅም።

ከላምበረት እስከ መገናኛ ያለው አጭር መንገድ የሚሄደው በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ለእንግዳ ታክሲ ማለት በአፍ የሚነዳ መኪና ነው። መድረሻው ታፔላው ላይ ቢጻፍም እውነተኛው መረጃ ያለው በረዳቱ ጥሪ ውስጥ ነው፤ ጥሪው ደግሞ የቦታዎቹን ስም ከሚያውቅ ሰው በቀር ለማንም አይገባም። መውረድም በአፍ ነው። «ወራጅ አለ» ካላሉ መኪናው አይቆምም። እኔ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ስናገር የማላፍር ሴት፣ አሥራ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጬ ሁለት ቃል ለማውጣት ድምፄ ጠፋብኝ። መገናኛ የመስመሩ መጨረሻ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በማግሥቱ ግን በሌላ መስመር ተሳፍሬ፣ የምወርድበት ቦታ በመስኮት ሲያልፍ እያየሁ ዝም አልሁ። ከዚያ ወርጄ ለመመለስ ሰፊ አስፋልት ማቋረጥ፣ የመልሱ ታክሲ ከየት እንደሚነሣ መጠየቅ፣ ከዚያም ረጅም ሰልፍ መያዝ ነበረብኝ። በአንዲት ቃል እፍረት አንድ ሰዓት ያህል ከሰርሁ።

ከእፍረቱ በላይ የሚያስፈራው ግን አክስቴ ገና ከደብረ ብርሃን ሳልነሣ በስልክ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ «ሿሿ» ነው። ተሳፋሪ መስለው አስቀድመው የተቀመጡ ግብረ አበሮች ብቸኛውን መንገደኛ መካከላቸው አስገብተው፣ በግርግር ስልኩንና ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ሰበብ ፈጥረው የሚያወርዱበት ስርቆት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ተራ አስከባሪ ካለበት ሰልፍ መሳፈር፣ መንገድ መሃል ቆሞ «ግቢ፣ ግቢ» ከሚል መኪና መራቅ፣ ዝርዝር ብር ለብቻ ይዞ ቦርሳን አለመክፈት። ይህን ካደረጉ ታክሲ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ረዳቶቹም የሚወራባቸውን ያህል ክፉዎች አይደሉም፤ «እንግዳ ነኝ፣ ስንደርስ ንገረኝ» ያልሁት ልጅ ሁለት ጊዜ ዞሮ «እህቴ፣ ገና ነው፤ እኔ አወርድሻለሁ» ብሎኛል።

አሁን ወደ ባቡሩ። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው፤ ሁለት መስመሮች፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሉት። አንዱ መስመር ከአያት በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ሌላው ከደቡብ ከቃሊቲ ተነሥቶ በመርካቶ በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ ያመራል። ቁጥሮቹን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ርዝመቱን ለጣቢያዎቹ ብናካፍለው በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ጣቢያ አይታጣም ማለት ነው፤ ስለዚህ መውረጃውን ያለፈ ሰው የሚመለሰው መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እግር ካለው ተመልሶ በእግሩ ይደርሳል፤ ከደከመውም በመልሱ ባቡር ይመለሳል። ሐዲድ ወደ ሌላ ሠፈር አይታጠፍም፣ መጨናነቅ ሸሽቶ በውስጥ ለውስጥ አይገባም፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሉት ጣቢያዎች ዛሬም ነገም በአንድ ቅደም ተከተል ይመጣሉ።

ይህ ቅደም ተከተል ለፈሪ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። አስተማሪ ነኝና የጣቢያዎቹን ስም በደብተር ወረቀት ላይ በተራ ጽፌ ያዝሁ፦ መገናኛ፣ ለም ሆቴል፣ ሃያ ሁለት 1፣ ሃያ ሁለት 2፣ ዑራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድ፣ ልደታ፣ ኮካ ኮላ፣ ጦር ኃይሎች። የጣቢያው ስም መድረኩ ላይ ተጽፎ ስለሚታይ፣ ማንንም ሳልጠይቅ በልቤ አንድ በአንድ ሰረዝሁ። በዑራኤል፣ በእስጢፋኖስና በልደታ ማማተቤን ያየች አንዲት ወጣት «ከክፍለ ሀገር ነዎት?» አለችኝ፤ መልሱ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር። ስሞቹ ራሳቸው የከተማዋን ታሪክ ያስተምራሉ። ለገሃር ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ቃል የመጣ ሲሆን የድሮው የጅቡቲ ባቡር የቆመበት ቦታ ነው፤ የዛሬው የጅቡቲ ባቡር ግን ከዚያ እንደማይነሣ ማወቅ ይገባል። ሜክሲኮ ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ለሆነችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ የተሰየመ አደባባይ ነው። ባምቢስ የሱፐርማርኬት ስም ነው፤ ይኸኛው ስንት ዓመት ይቆይ ይሆን እያልሁ አለፍሁት።

ባቡሩ አንድ ወጥመድ አለው፤ እኔም ገብቼበታለሁ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስት ጣቢያዎች ሁለቱ መስመሮች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ሐዲዱ በዚህ ክፍል ከመንገዱ በላይ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ እይታው ውብ ነው፤ አደገኛውም ይኸው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም እዚያው መድረክ ላይ ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚሄዱ ባቡሮች እየተፈራረቁ ይቆማሉ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሜክሲኮ ቆሜ መጀመሪያ የመጣውን ባቡር ተሳፈርሁ። ልደታን ካለፍን በኋላ ኮካ ኮላን ብጠብቅ የማላውቀው ስም መጣ፤ ቀጥሎ አብነት የሚል ጽሑፍ ሳይ ወደ መርካቶ እየሄድሁ እንደሆነ ገባኝና ወረድሁ። ልቤ ቢመታም ነገሩ ሲሰላ ቀላል ነበር፤ አዲስ ትኬት ቆርጬ በመልሱ ባቡር ልደታ ደረስሁ፣ እዚያው መድረክ ላይ ትክክለኛውን ጠበቅሁ። ስሕተቱ ያስከፈለኝ የአንድ ትኬት ዋጋና የጥቂት ደቂቃ ድንጋጤ ነው። ታክሲ ላይ ካጋጠመኝ ጋር ሳነጻጽረው የባቡሩ ብልጫ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ለሚመጣ ሰው የምነግረው አንድ ነገር ቢኖር ቀለሙን መመልከት ነው፦ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴና ነጭ፣ ከቃሊቲ ወደ መርካቶ የሚሄደው ሰማያዊና ነጭ ነው።

ጉድለቱንም መሸፈን ተገቢ አይደለም። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ ስለዚህ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መጨናነቁ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያለ ግፊያ ውስጥ ስልክና ቦርሳ በጀርባ መያዝ ለኪስ አውላቂ ስጦታ ማቅረብ ነው። ሻንጣ የያዘ፣ አረጋዊ ያስከተለ ወይም ሕፃን ያዘለ ሰው ከጠዋቱ ግርግር በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሆን ይሻለዋል። ዋጋው በርቀት የሚለያይ ሲሆን ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ዛሬ ታሪፉ ያ ባይሆንም ለመምህር ደመወዝ የሚከብድ አልሆነብኝም።

ለማታ ግን ባቡርንም ታክሲንም አልመርጥም። በስልክ የሚጠራ መኪና የሾፌሩ ስምና ታርጋው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ልብን ያሳርፋል፤ ዘመናዊ ስልክ ለሌለውም ቢሆን ራይድ ወደሚባለው ድርጅት በ8294 ተደውሎ መኪና ይላካል። ቁጥሩ «ታክሲ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ በስልክ ቁልፎች ላይ የሚያርፍባቸው አኃዞች መሆኑን የነገረኝ ተማሪዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። የዚህ አገልግሎት ችግር ሌላ ነው፤ ሾፌሩ ደውሎ «የት ነሽ?» ይላል፣ እንግዳ ደግሞ የማያውቀው ዋናው ነገር የት እንዳለ ነው። ሁለተኛው ቀን ማታ ከባልደረባዬ ዘመድ ቤት ስወጣ ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ ድርጅት መኪና ጠርቼ፣ «አጠገቤ ሱቅ አለ፣ ፊት ለፊቴም ግንብ አለ» ከማለት በቀር የምነግረው አጣሁ። ሾፌሩ ተማረረና ጉዞውን ሰረዘው፤ የድርጅቱ ስልክም ቢደወል አይነሣም ነበር። ሁለተኛውን ሾፌር ግን ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥቼ «ጋሼ፣ እባክዎ ያስረዱልኝ» ስላልሁ፣ ባለሱቁ ከአንድ ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ የነዳጅ ማደያ ተነሥተው በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። አዲስ አበባ የምትነበበው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ስለሆነ፣ ከመደወል በፊት በአቅራቢያ ያለውን ትልቅ ምልክት ስም ከአንድ ሰው ጠይቆ መያዝ ግድ ነው።

እንግዲህ ለእኔ ቢጤ መንገደኛ ደረጃ ስሰጥ፣ ቀን ላይ ባቡሩን አስቀድማለሁ፤ የመጨረሻውን ማይል የሚያደርሰው ታክሲ ግን አይቀርም። ማስረጃው ገና አልደረሰምና በጥር ልመለስ ነው። ከመገናኛ አረንጓዴውን እይዛለሁ፣ ወረቀቴንም አልጣልሁትም። የሚቀረኝ በታክሲ የሚሄደው ቁራጭ መንገድ ነው፤ ለእርሱም ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለትን እለማመዳለሁ። ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ «አልተሰማም፣ ረዳቱ ሙዚቃ ከፍቷል» ይለኛል።