ውሃ በ94 ዲግሪ የፈላበት ክፍል

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ በዳቦ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከመስከረም ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትሄድበት የሴት ልጆች የሳይንስ ክፍል አለ። የሰፈር እናቶች «እንዴት ነው? ይረባል?» እያሉ ሲጠይቁኝ ሰንብተዋልና ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ቦታው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ባለሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ሴቶችን ብቻ ይቀበላል፤ አሁን 16 ልጆች አሉ። ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይቆያሉ። ክፍያው በወር 700 ብር ነው። የሚያስተምሩት ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፊዚክስ ያጠናች፣ ሌላዋ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የወጣች።

ሳስመዘግባት ማስጠኛ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ደብተር የሚወጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያዩትን ለመጻፍ ብቻ።

ኅዳር ላይ አንድ ሐሙስ ልጄ ፊቷን አጨፍግጋ ገባች። «እማዬ፣ እዚያ ያለው ቴርሞሜትር ተበላሽቷል» አለችኝ። ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ሲለኩ ነው የዋሉት። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። የእነሱ ግን እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ 94 ላይ ቆመ። እሳት ጨመሩ፤ 94። ሌላ ቴርሞሜትር ተሰጣቸው፤ 94። ሦስተኛም ያው። አስተማሪዋ መልሱን አልነገረቻቸውም። «ሦስቱም ባንዴ ተበላሽተው ነው ወይስ መጽሐፉ ሳይናገረው የቀረ ነገር አለ? እስከ ማክሰኞ አስቡበት» ብላ ሸኘቻቸው።

ያን ቀን ማታ ልጄ ከፉል ድስቴ አጠገብ አልጠፋችም። ባቄላውን ማታ እጥድና ከሰሉን እየተነሳሁ እየጨመርኩ ነው የማድረው። «ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚቆየው?» ስትለኝ ድንገት መተማ ትዝ አለኝ። እሷን ሳልወልድ ሁለት ዓመት መተማ ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ያው ባቄላ፣ ያው ከሰል፤ ግን እዚያ ቶሎ ይበስልልኝ ነበር። አገሩ ቆላ ስለሆነ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን ስነግራት ብድግ ብላ ደብተሯን አመጣች። «ቆይ እማዬ፣ ድገሚልኝ፤ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?»

ማክሰኞ ዕለት አስተማሪዋ የእኔን ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፦ «መተማ፣ ባቄላ ቶሎ ይበስላል።» ነገሩን ከዚያ ተነስተው ፈቱት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ስለሚቀንስ ውሃው ብዙም ሳይግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይጎድላል፤ የእኛ 6 ዲግሪ የሄደችው እዚያ ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ቢያፈሉት 100 ይሞላ ነበር፤ አዲስ አበባ ቢሆን ደግሞ ከእኛም ይወርዳል። መተማ ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ውሃው ይበልጥ ግሎ ነው የሚፈላው፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። ክዳኑ የሚቆለፈው ድስትም ሥራው ይኸው ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ውሃውን ስለሚጫነው ከ100 በላይ ሳይግል አይፈላም። 12 ዓመት ፉል ስቀቅል ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በጥር ትልቁን ድስት ገዛሁ፤ የሌሊት እንቅልፍም፣ የከሰል ገንዘብም ተረፈኝ።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ የተከፈተው አንድ ቀን ነው። ወንዶቹ ጠረጴዛውን ከበቡት፤ እኛ ከኋላ ቆመን «ሴቶቹ እናንተ ጻፉ» ተባልን። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ጻፍኩ። ኬሚስትሪን የማውቀው በጠመኔ በተሳለ ቴስት ቲዩብ ነው፤ እውነተኛውን አንድም ቀን በእጄ አልያዝኩም። ልጄ የምትሄድበት ክፍል ውስጥ መለኪያውን ቀድሞ የሚነጥቃት የለም። ሽቦውን የምትልጠው፣ ክብሪቱን የምትጭረው፣ ብርጭቆ ሲሰበር ስብርባሪውን የምትጠርገው እሷው ናት። አንድ ቀን የሽቦ መበየጃ ጣቷን ለብልቧት መጣች። ደንግጬ በማግስቱ ሄድኩ። አስተማሪዎቹ አልተከላከሉም፤ እንዴት እንደተቃጠለች፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳስገቧት ነገሩኝ፤ መነጽሩንና መበየጃው የሚቀመጥበትን አዲስ ማስቀመጫም አሳዩኝ። ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መበየጃ ይዛ የባትሪ መብራቷን ጨረሰች። መብራት ሲጠፋ ሒሳቤን የምሠራው በእሷ ነው።

ግድግዳው ላይ የዶክተር ሰገነት ቀለሙ ፎቶ ተለጥፏል። ፍኖተ ሰላም የተወለደች፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬአል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኘች፣ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት የመራች። ልጄን የገረማት ሽልማቱ አይደለም፤ ፍኖተ ሰላም ነው። አክስቷ እዚያ ናት፤ ከዚህ አውቶቡስ ተሳፍረን የምንሄድባት ከተማ ናት።

ዕቃው ውድ አይደለም፤ ብዙው ከገበያ የተገዛ ነው። ከርከዴ ዘፍዝፈው ውሃውን በየብርጭቆው ይቀዳሉ፤ ሎሚ ሲጨመርበት ደም መስሎ ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ልጄ ቤት ውስጥ ያልሞከረችበት ነገር የለም፤ ሳሙናው፣ አጃክሱ፣ የእርሾው ውሃ ሳይቀር።

ከሁሉም የወደድኩት የሐይቁ ሥራ ነው። የጣናን ውሃ አምጥተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ልጄ ስለ አንዲት ቁንጫ የምታክል ፍጥረት ስትነግረኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ገላዋ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ልቧ ስትመታ ትታያለች፣ እንቁላሎቿም ጀርባዋ ላይ ይቆጠራሉ። ውሃውን ለመቅዳት ግን አንዲትም ልጅ እግሯን ሐይቁ ውስጥ አታስገባም። ባልዲውን በገመድ ጥለው ይስባሉ፤ ጓንት ያደርጋሉ፤ ምክንያቱ ቢልሃርዚያ ነው። ያንንም እንዲሁ በትእዛዝ አላለፉትም። በሽታው በቀንድ አውጣ በኩል እንዴት ወደ ሰው ቆዳ እንደሚመጣ አስተምረዋቸዋል። አሁን ልጄ ታናሽ ወንድሟን ዳር ላይ ሲዋኝ ካየችው አትለቀውም።

አንድ ነገር እናቶች ሁሉ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፦ መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ውሃ አለው፣ ሞዴስም በካርቶን ተቀምጧል። ልጄ የወር አበባዋ ባለፈው ዓመት ነው የጀመራት። ትምህርት ቤት በእነዚያ ቀናት ትቀር ነበር፤ እዚህ ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

ጉድለቱንም ልናገር። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው፤ ለ16 ልጅ አንድ። ልጄ ተሰልፋ ተራዋ ሳይደርስ የተመለሰችበት ቀን አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ግማሹ ይቀራል፤ ጄኔሬተር የላቸውም። ክፍል የሚዘጋ ከሆነ ቀደም ብለው አይነግሩም፤ ሁለት ጊዜ ልጄ በሩ ላይ ደርሳ ተመልሳለች፣ የስልክ መልእክቱ ለእኔ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሴት ልጅ በመንገድ ላይ ያለችበትን ሰዓት እናት ማወቅ አለባት። ይህን በቁጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በጊዜ እየደወሉ ነው። 11 ሰዓት ተኩል መውጣቱም አባይ ማዶ ለሚሄዱት መሽቶ ነው፤ ባጃጅ እስኪያገኙ ለዓይን ያዝ ማድረግ ይጀምራል። ቢያንስ ቀኑ በሚያጥርበት በኅዳርና በታኅሣሥ 11 ሰዓት ላይ ቢለቋቸው ጥሩ ነው። 700 ብሩ ለእኔ ይቻላል፤ እንጀራ እየሸጠች ሦስት ሴት ልጅ የምታሳድገው ጎረቤቴ ግን አልቻለችውም፤ መካከለኛዋ ልጇ በአጥር በኩል የእኔን ልጅ ደብተር እየተቀበለች ታነባለች። ለእንዲህ ያሉት ሁለት ቦታ በነጻ እንዲይዙ ጠይቄያለሁ፤ «እናያለን» ብለውኛል። እስኪያዩ መጠየቄን አልተውም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አምስተኛው የጎረቤቴ ልጅ ስትገባ የሚሰጥ ነው።

አሁን የያዙት እምቦጭ ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከልጄ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሐይቁን ያለ እሱ አታውቀውም። ልክ 1 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ በሚዛኔ ለካች፣ ቆራርጣ ቁርስ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው፣ በየማታው እያወረደች ትመዝናለች። በዘጠነኛው ቀን 65 ግራም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም። «ሌላው ውሃ ነበር ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቃት «አዎ፣ ግን ከሌላ ቦታ ያመጡት ልጆችም እንዲሁ ይወጣላቸው እንደሆነ ገና አላወቅንም» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት የተለያየ ዳር ሊያመጡ ይሄዳሉ፤ ወላጅ መከተል ይችላል ተብሏል። ፉሉን ለእህቴ አደራ ሰጥቻለሁ፤ ሚዛኑን የምሸከመው እኔ ነኝ።