ለአሮጌ ቪጎ አዲስ የፊት ሾክ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ሾክ፣ ያ የመኪናን ንጠራ የሚገታው፣ የምቾት ዕቃ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ባለፈው ጥቅምት የቪጎዬን ሁለቱንም የፊት ሾኮች አስቀየርኩ። ይኸው ግንቦት ተጋመሰ። በእነዚህ ወራት ያስገረመኝ ምቾቱ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ፍሬኑን ግን ማንም አልነካውም። ሸራውም ዲስኩም የድሮው ነው።

መኪናዬ የ2007 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ናት፣ ባለ 2.5 ዲዝል። ሥራዋ ከአሰላ ድንችና ገብስ ጭኖ አዳማ ማውረድ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ አዳማ ግን 1,600 አካባቢ። ስለዚህ ባዶዋን ትወጣለች፣ ጭና ትወርዳለች። ኢተያን አልፈህ ወደ ዴራ ስትወርድ ጋሪ አለ፣ አህያ አለ፣ ከጎን ዘው የሚል ባጃጅ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ፍሬን የሚያዘው ታስቦበት አይደለም፣ ድንገት ነው።

በአሮጌዎቹ ሾኮች ጊዜ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ድፍት ይላል። ከዚያ ይነሳል። እንደገና ይደፋል። የኋላዋ ይቀልላል፣ መሪው እጄ ላይ ይዋልላል። አስፋልቱ የተጠጋገነበት ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ይነጥራሉ። መሬት ያልነካ ጎማ መኪና አያቆምም። የፍሬኑ ሸራ የፈለገውን ያህል አዲስ ይሁን፣ ጎማው አየር ላይ ካለ ምን ይይዛል?

አሁን ፍሬን ስይዝ አንዴ ረጋ ብላ ዝቅ ትላለች፣ እዚያው ትቆያለች፣ ትቆማለች። በቃ። መሪው ባስያዝኩት መስመር ይሄዳል። ሃያ ኩንታል የጫነ አይሱዙ ከኋላዬ እየመጣ ከፊቴ ጋሪ ሲገባ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዚያ መንገድ ሹፌር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ብዙ ሰው ሞላውና ሾኩ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለዋል። ቪጎ ላይ ሞላው ሾኩን ከቦ ስለሚቀመጥ ነው መሰለኝ። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ደግሞ ሞላውን የሚያረጋጋው ነው። ውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ያልፋል፣ የንጠራው ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ኮረኮንች ላይ ብዙ ተነድቶ ሾኩ ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ዘይቱ ከወጣ ወይም ውስጡ ካለቀ ሞላው ያለ ከልካይ ይቀራል። አዲስ ሾክ መደፋቱን ጨርሶ ያስቀራል አልልም። መጨረሻ ላይ ምን ያህል ዝቅ እንደምትል የሚወስነው በዋናነት ሞላው ነው። በምን ፍጥነት እንደምትወርድና ስንቴ እንደምትነጥር የሚወስነው ግን ሾኩ ነው። ለእኔ ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሻጮቹ ልምጣ። ሾክ ፍለጋ ስዞር አንዱ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ ኮፒውን አወጣልኝ። «አለቃ፣ ለአሮጌ መኪና ይሄ ይበቃል፣ ለምቾት ብለህ ብር አታቃጥል» አለኝ። ኦሪጅናሉ ከእጥፍ በላይ ነበር። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ብጽፈው ነገ አይሠራም። ልዩነቱ ግን የሚያስደነግጥ ነው፣ አልዋሽም።

ያ ልጅ አሁን ከፊቴ ቢቆም የምለውን አውቃለሁ። ስማኝ የኔ ወንድም፣ ያወጣሁት ብር ለምቾት አይደለም። እኔ የማቆምበትን ርቀት ነው የገዛሁት። አሮጌ መኪና ነው ብለህ ደካማ ሾክ ስትሸጥለት፣ አሮጌ መኪና እንደ አዲሱ ጭነት አይጭንም? ቁልቁለቱን አይወርድም? ይልቅ ኤርባጉም ሌላውም ዘመናዊ ነገር የሚጎድለው አሮጌው ስለሆነ፣ ያለው ነገር በደንብ መሥራት ያለበት እሱ ላይ ነው። «ስም ነው የምትከፍለው» ልትለኝ ትችላለህ። እኔ የገዛሁት ካያባ የሚባል ድርጅት የሠራውን ነው፣ ኤክሴል-ጂ የሚባለውን፣ ከዘይቱ ጋር የናይትሮጅን ጋዝ ያለው። ጋዙ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ይረዳል። አረፋ የሠራ ዘይት ንጠራ አይገታም። ይህ ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለአውሮፕላን ማረፊያ እግር የዘይት ሾክ ይሠራ ነበር። ስሙ እንዲሁ የመጣ አይደለም።

አሮጌዎቹን ሲፈቷቸው አየኋቸው። አንደኛው ከላይ እስከ ታች ዘይት ጠጥቶ አቧራ ለብሷል። ዘንጉን በእጅ ተጭነህ ስታስገባው እዚያው ይቀራል። አዲሱን ስትጫነው ይታገልሃል፣ ስትለቀው በራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጋዝ ያለውን ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ይህን ሞክሩ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ገጠማው ከላይ ሦስት ዳዶ ከታች አንድ ወፍራም ቡሎን ነው፣ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አደገኛው ሞላውን ከሾኩ መለየት ነው። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። በሽቦና በሰንሰለት አስሮ የሚፈታ ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የእኔ መካኒክ ደህና የሞላ መጭመቂያ ነበረው። የላይኛውን ጎሚኒም፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለውን ላስቲክ፣ አብሮ ቀየረ። የታችኛውን ቡሎን መጨረሻ ያጠበቀው መኪናዋን ከክሪክ አውርዶ በጎማዋ ካቆማት በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠበቀ የታችኛው ጎሚኒ ተጠማዞ ስለሚቀር ቶሎ ይበጠሳል። ይህን ሳልነግረው ማድረጉ ደስ አሰኝቶኛል። በዚያው ቀን አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አሠራሁ። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ ማስቀየር ግዴታ ነው። «አንዱ ገና ደህና ነው» የሚል ካለ አትስሙት፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ ፍሬን ላይ ይታያል።

ምቾቱን በተመለከተ፣ ለስላሳ መኪና የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል። ባዶ ስትሆን ከበፊቱ ትጠነክራለች። ሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ጉብታው በግልጽ ይሰማል። እማዬ «የድሮው ይሻለኝ ነበር፣ ይሄ ወገቤን ነካኝ» ብላለች። እማዬን አከብራታለሁ፣ ግን የድሮው ልስላሴ የሞተ ሾክ ልስላሴ ነው። ሩብ ጭነት እንኳ ሲኖራት ትረጋለች።

ሌላው ያሳመነኝ ጎማው ነው። የፊት ጎማዎቹ ላይ እጄን ሳሳልፍ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ አንዱ ቦታ ተበልቶ አጠገቡ ያለው ሙሉ ነው። የሚነጥር ጎማ እንዲህ ነው የሚበላው። እነሱን ወደ ኋላ አዛውሬ የኋላዎቹን ወደ ፊት አመጣሁ። እስካሁን የፊቶቹ እኩል እየሄዱ ነው። አቦ፣ የሁለት ጎማ ዋጋ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የሾኩን ዋጋ እንደገና ያስበዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ሾካችሁ መሞቱን ላታውቁ ትችላላችሁ። መንገዱ ለስላሳ ስለሆነ ይሸፍነዋል። መከላከያውን ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው ፍተሻም ፒካፕ ላይ አያስተማምንም፣ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ውዝዋዜው አይታይም። ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ወንጂ ውጡና የተቆራረጠ ቦታ ላይ በመጠኑ ፍሬን ያዙ። አፍንጫዋ ደጋግሞ ከተነሳ ነገሩ ግልጽ ነው። ብዙ አምራቾች 80,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይፈተሽ ይላሉ። እኛ ጋ ባለው መንገድና ጭነት እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም።

የኋላዎቹን ገና አልቀየርኩም። ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ የብረት ቅጠል ያለው ሞላ፣ ስለሆነ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንጠራውን በመጠኑ ይይዙታል፣ ስለዚህ ብሩን መጀመሪያ ፊት ላይ ማዋል ትክክል ነው። ክረምቱ ሳይጠና እነሱንም በዚያው ስም አስቀይራለሁ። አዳማ ውስጥ ኦሪጅናሉን የኋላ ሾክ በደህና ዋጋ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ኮፒ ግን አታምጡብኝ።