ኮምፒውተሬ የት ነው? በተርሚናል ለማወቅ የትኛው ይሻላል

አገሩን ማወቅ ይበቃችኋል ወይስ ሰፈሩን ትፈልጋላችሁ? ምርጫው ከዚህ ይጀምራል።

አገሩ ከበቃችሁ ከርል (curl) አለላችሁ፤ ከተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ድረ ገጽ የሚጠራ ትእዛዝ ነው። «curl» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ቦታ የሚነግረውን የአይፒኢንፎ ድረ ገጽ አድራሻ (ipinfo.io) ጽፋችሁ ኢንተር መጫን ነው። ከርል ማክ ላይም ዊንዶውስ 11 ላይም ቀድሞ አለ። ከተማውን፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ የሰዓት ቀጠናውን ዘርዝሮ ያመጣል። ችግሩ፣ የሚያየው የአይፒ አድራሻችሁን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበትን ቁጥር፣ ብቻ ነው። ግንኙነታችሁን በሌላ ቦታ በኩል የሚያሳልፈው ቪፒኤናችሁ አምስተርዳም ላይ ከሆነ፣ ቦሌ ቁጭ ብላችሁ አምስተርዳም ናችሁ። ያለ ቪፒኤንም ቢሆን ባሕር ዳር ያለ ሰው «አዲስ አበባ» ቢባል አይግረመው።

ሰፈሩን ለሚፈልግና ማክ ላለው ሰው እኔ ኮርሎኬሽን ሲኤልአይ (CoreLocationCLI) የሚባለውን የተርሚናል ፕሮግራም እመርጣለሁ። ነጻ ነው፤ ከተርሚናል ፕሮግራም በሚጭነው በሆምብሩ (Homebrew) ይጫናል። ማክ ውስጥ ጂፒኤስ የለም፤ ይሄኛው በዙሪያችሁ ያሉትን ዋይፋዮች አይቶ በአፕል አገልግሎት በኩል ቦታውን ይገምታል። ብዙ ዋይፋይ ባለበት ከተማ ውስጥ ግምቱ በጣም ይጠጋል። ኢንተርኔት በኬብል ቢገባላችሁም ዋይፋዩን አታጥፉት። ሴቲንግስ ውስጥ ፈቃድ መስጠትንም አትርሱ፤ አልሠራም የሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚሰናከሉት።

የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም ወደ ድረ ገጻችሁ የገቡት የተመዘገቡበትን ፋይል፣ ይዛችሁ ሺህ አድራሻ የምትፈትሹ ከሆነ ግን ማክስማይንድ የሚባለው ኩባንያ ጂኦላይት (GeoLite) ነው የሚያዋጣው። የትኛው አይፒ የት እንዳለ የሚዘረዝረውን ዳታቤዝ አውርዳችሁ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ትጠይቁታላችሁ፤ የደንበኞቻችሁ አይፒ ወደ ማንም አይሄድም። ለማውረድ አካውንት መክፈት ግድ ነው። በየጊዜው ካላደሳችሁትም ያረጃል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። ማክስማይንድ አሜሪካ መሆኑን እንጂ ከዚያ በላይ ለማያውቀው አይፒ ሁሉ፣ አገሪቱ መሀል አካባቢ ያለች አንዲት ነጥብ ይሰጥ ነበር። ነጥቧ ካንሳስ ውስጥ አንድ እርሻ ቤት ላይ አረፈች። ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ወደዚያ ጠቆሙ። የኢንተርኔት ሌባ ፍለጋ የወጣ ፖሊስ ሳይቀር ለዓመታት የዚያን ቤት በር ሲያንኳኳ ኖረ። ነገሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኩባንያው ነጥቡን ወደ ሐይቅ አዛወረው። እና ኬክሮሱን ብቻ አይታችሁ ካርታ አትክፈቱ። ጂኦላይት ውስጥ አጠገቡ የስህተቱ ስፋት በኪሎ ሜትር ተጽፏል፤ 1000 የሚል ካያችሁ፣ ያ ነጥብ የማንም ቤት አይደለም።